ሰባተኛው ክንፍ

እስኪ ንገሩኝ፤ የሰውን እጅ ከዶልፊን ክንፍ መለየት ትችላላችሁ?

«እንዴታ!» ለማለት አትቸኩሉ። ከወደቡ ጎን ባለው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰው እንደ ጎርፍ ሲገባና ሲወጣ ሰንብቷል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው አሳይተዋል። ጋዜጠኞች «የሰውና የባሕር ፍጡር ዝምድና» እያሉ ዓምዳቸውን ሞልተዋል። ወጪውን የቻለው የወደቡ መሥሪያ ቤት ነበርና ዳይሬክተሩ ራሳቸው መጥተው ሪባን ቆርጠዋል። ይህ ሁሉ ዓይን አይቶ አላየም። ያየው በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሚስቱ እየጎተተች ያመጣችው አንድ የአጥንት ሐኪም ነው።

ሐኪሙ ሥነ ጥበብ አይወድም። ሲሰለቸው አጥንት መቁጠር ጀመረ።

በነጩ ግድግዳ ላይ ዐሥራ ሁለት የዶልፊን ክንፎች ሥጋቸው ጠፍቶ፣ አጥንታቸው በቀጭን ሽቦ ተያይዞ በተርታ ተሰቅለዋል። ዶልፊን በክንፉ ውስጥ እንደ ሰው አምስት ጣት አለው። የኤግዚቢሽኑም ስም «አንድ እጅ» ነው። ከእያንዳንዱ ክንፍ ጎን የአንድ የከተማው ነዋሪ እጅ በጄሶ ተቀርፆ ቆሟል፤ የአዋላጅ፣ የዓሣ ሻጭ፣ የመርከብ ቀለም ቀቢ። ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ ነው። የሰው ጣት ሦስት ሦስት አጥንት አለው፣ አውራ ጣቱ ሁለት። የዶልፊን ሁለተኛ ጣት ግን ሰባትም ስምንትም ይደርሳል።

ሐኪሙ ስድስቱን ቆጥሮ ሰባተኛው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሁለት። ሦስት። ሦስት። ሦስት። ሦስት።

«ነይ እንውጣ» አላት ሚስቱን።

«ገና ግማሹን እኮ አላየንም! ምን አስቸኮለህ?»

«ፖሊስ ልጠራ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አዳራሹ ባዶ ሆኗል። ሃያ ሁለት ዓመት በምርመራ ሥራ የቆየች፣ ብዙ ሬሳ ያየች ሴት ናት። እንዲህ ዓይነቱን ግን አላየችም፦ ሰው ቲኬት ቆርጦ የጎበኘው፣ መብራት የበራለት፣ መግለጫ የተጻፈለት እጅ።

ቀራፂው ጢሙ ላይ የጄሶ ብናኝ እንዳለ ከሥራው ክፍል ተጠርቶ መጣ። ስልሳዎቹን የተሻገረ ሰው ነው። ወደ ሰባተኛው ክንፍ ቀረብ ብሎ ትክ ብሎ አየው።

«ዶልፊን ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ዶልፊን ነው ብዬ ነበር» አለ።

«ሠላሳ ዓመት የባሕር እንስሳ አጥንት ሲገጥሙ ኖረው እንዴት አልለዩትም?»

«አጥንት የጎደለው መሰለኝ። ትንንሾቹ አፈር ውስጥ ይጠፋሉ፤ ያለ ነገር ነው።» ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «ዕድሜ ልኬን እጅና ክንፍ አንድ ነው ስል ኖሬ፣ እጁ ሲመጣልኝ ክንፍ አድርጌ አየሁት። ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር፤ ለዚህ ነው መሀል የሰቀልኩት።»

በማግስቱ ጋዜጦቹ ከሦስት ዓመት በፊት የሰጠውን ቃለ መጠይቅ ቆፍረው አወጡ። ቀራፂው ያኔ፣ «አንድ ቀን የሰውንና የዓሣን አጥንት በአንድ ክር እሰካለሁ» ብሎ ነበር። ትናንት «ሊቅ» ሲሉት የነበሩ ብዕሮች ዛሬ «አራጅ» አሉት። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ጋዜጣውን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረላት።

«ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ራሱን በራሱ አፍ አስሯል።»

«አፍ ብዙ ይላል ጌታዬ። የእጁ ባለቤት ማነው?»

«እሱን ካሰርነው በኋላ ይነግረናል።»

ቀራፂው ታሰረ። የእጁ ባለቤት ግን አልታወቀም።

ወሬው ከተሰማ ወዲህ ዘመድ የጠፋበት ሁሉ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ተሰልፏል። ሳጅኑ አንድ በአንድ ይመዘግባል። አግዳሚው ወንበር ጥግ ላይ ግን ያልተመዘገቡ አንዲት እናት አሉ። ጠዋት ይመጣሉ፣ ቢሮ ሲዘጋ ይሄዳሉ።

«እማማ ለምን አልተመዘገቡም?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የእሳቸው ልጅ አልሞተም» አለ ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የወደብ ጠላቂ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ሥራውን ጥሎ ጠፋ። ከወደቡ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አለ። ከሴት ጋር ነው የኮበለለው ይባላል።»

እናትየዋ ሰምተዋል። «አንተ ልጅ» አሉት፣ «እኔ ጠፋብኝ ስላችሁ አልጠፋም ትላላችሁ። ወደቡ ደግሞ ጠፋ ይላል። እኔ የት ልውደቅ?» ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ። «ልጄ ጥሎ የሚሄድ ሰው አይደለም። የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት ‹የኮብላይ ልጅ› እያሉ ነው የሚጠሯት። ሞቶም ከሆነ ሞተ በሉኝና ላልቅስለት። ከስድቡ ሞቱ ይሻለኛል።»

ኢንስፔክተሯ «እናያለን እማማ» አለች። ይህችን ቃል ስንቱ ቢሮ ስንቱን እናት እንደሸኘባት ታውቃለችና እንዳለቻት ወዲያው ቆጫት።

የአስከሬን ምርመራ ሐኪሟ አጥንቶቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታ ጠበቀቻት።

«ቀኝ እጅ ነው፤ የወንድ፣ ከሠላሳ እስከ አርባ ዓመት። አፈር ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። ትንሿ ጣቱ በልጅነቱ ተሰብራ ጠማማ ሆና ገጥማለች። የስለት ምልክት የለበትም፤ ማንም አልቆረጠውም።»

«ሰውየው በሕይወት ሊኖር ይችላል?»

«እኔ ያለኝ እጅ ነው እህቴ። ለሰውየው አልመሰክርም።»

ይህች መልስ ሁለት ቀን አስበላቻቸው። ሳጅኑ በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካው ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት እጁ በማሽን የተጎዳ ሠራተኛ እንዳለ አጣራ። ሰውየውን በረኛ ሆኖ አገኙት።

«እጅዎን የት አደረጉት?» አለችው ኢንስፔክተሯ። ጥያቄው ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

በረኛው ከት ብሎ ሳቀ። «ያለ እጅ የቀረ ሰው መቼስ እጅ አይሰጥም! ጋዜጣ ላይ ያለው ቀኝ ነው አላሉም?» ቀኝ እጁን ዘረጋላት። «በዚሁ ነው ሰላም የምልዎት። የጠፋው ግራዬ ነው፤ እሱንም እኔው ነኝ የቀበርኩት። ሊስቁብኝ ይችላሉ፣ ግን አልቅሼለታለሁ።»

«አልስቅብዎትም።»

«እጅ እንኳ አልቃሽ ያገኛል» አለ ሳቁ ጠፍቶ። «ያ ምስኪን ግን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።»

ሲመለሱ ሳጅኑ፣ «አሁንስ በቃ ቀራፂው ነው» አለ።

«ቀራፂው የሚገጥመው የመጣለትን ነው። የሚያመጣለት ማነው?»

የሚያመጣለት «አጥንቴ» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው። የእናት የአባት ስሙን ከራሱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ከቀራፂው የሥራ ክፍል ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በወንፊትና በጥርስ ብሩሽ ተከብቦ አጥንት የሚያጥብ ሽማግሌ ነው። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ቀና አላለም።

«ጌታዬን ካልፈታችሁት አላናግርሽም።»

«እንድፈታው ነው የመጣሁት አባባ። አንድ ዶልፊን ከሞተ በኋላ እዚህ እስኪደርስ ምን ይሆናል? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ከመጀመሪያው ከሆነ ቁጭ በይ፤ ቆመሽ አያልቅም።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ባሕሩ ስድስት ትንንሽ ዶልፊኖች ዳርቻ ላይ ተፋ። ወደቡ ጉድጓድ አስቆፈረ። እኔ ክንፍ ክንፋቸውን ቆረጥኩ። ታዲያ ዝም ብለሽ ብትቀብሪው አጥንቱ እንደ ባቄላ ይበተናል፤ ማን ይለቅመዋል? ስለዚህ ከረጢት ውስጥ ይገባል። አፈሩ ሥጋውን ይበላል፣ አጥንቱ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል።»

«ምን ዓይነት ከረጢት?»

አጥንቴ በአገጩ ወደ ልብስ ማስጫው ጠቆማት። ገመዱ ላይ ጥቁር የጎማ ነገሮች ተሰቅለዋል። «የጠላቂዎች ጓንት ነው። ይሄ ባሕር በረዶ ነው፤ ጣት የሚለይ ጓንት አያሞቃቸውም፣ እንደ ካልሲ ድፍን ያለውን ነው የሚያጠልቁት። ያረጀውን ወደቡ ይሰጠኛል። ለትንሽ ዶልፊን ክንፍ ልክክ ይላል። አፉን በገመድ አስራለሁ፣ እቀብራለሁ።»

«ስንት ቀበሩ?»

«ስድስት ዶልፊን፣ ዐሥራ ሁለት ክንፍ። ከስድስት ወር በፊት ሄጄ ዐሥራ ሁለቱንም አወጣሁ። አንድ አልጎደለብኝም!» ደረቱን ነፋ።

«ዐሥራ ሁለት ሲሞላልዎት ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሞላልኝ፤ አካፋዬን ይዤ ወጣሁ።»

 ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ አንደኛው የሰው እጅ ከነበረ፣ ያወጡት የዶልፊን ክንፍ ዐሥራ አንድ ነው» አለችው።

የጥርስ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«አንዱ እዚያው ቀርቷል» አለ። «በእሱ ፈንታ...» ዓይኑን ጨፈነ። «አንዱ በገመድ አልነበረም የታሰረው። የእጅ አንጓው ላይ ቀበቶ ነበረው፣ ከነመቆለፊያው። ‹ያን ቀን ገመድ አልቆብኝ ይሆናል› ብዬ አለፍኩት። ይሆናል! ይችን ቃል የፈጠረ ይጥፋ!»

ኢንስፔክተሯ ተነሥታ ጓንቶቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። የተወገደ ጓንት ውስጡ ያለው ቁጥር በቀይ ቀለም ይሰረዛል። ዐሥራ አንዱ ቀይ ሰረዝ አለባቸው። አንዱ ቀበቶ አለው፣ ቀይ ሰረዝ ግን የለውም። ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱ ተከፈተ። ቆፋሪ ማሽኑን የነዳው ያኔም የቀበረው ያው ሰው ነው። መጀመሪያ በገመድ የታሰረ የጎማ ከረጢት ወጣ። ከሥሩ ጠርዙ በአካፋ የተቀደደ ሸራ ነበር። በሸራው ውስጥ የጠላቂ ልብስ የለበሰ ሰው አጽም ተኝቷል። ግራ እጁ ጓንት ውስጥ ነው። ቀኙ ከአንጓው በታች የለም፤ አጥንቴ ክንፍ መስሎት ከነጓንቱ በተቀደደው ሸራ ስቦ አውጥቶታል።

ሾፌሩ ከማሽኑ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «የወደቡ የውኃ ፓምፕ ኃላፊ ነው በመኪና ያመጣው። ‹ዶልፊን ነው፣ ገምቷል፣ ሸራውን እንዳትፈታው› አለኝ። እኔም አልፈታሁም። የገማ ነገር ማን ይፈታል?»

«ጉድጓዱ መቼ ተዘጋ?»

«በዚያው ቀን። ከዚያ ወዲህ የከፈተው አጥንቴ ብቻ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ወደቡ የንብረት ክፍል ሄደች። ጓንት ቁጥር ሠላሳ አንድ ለአንድ ጠላቂ ተሰጥቷል። መዝገቡ ላይ፣ ዶልፊኖቹ በተቀበሩበት ቀን፣ «ጓንት አንድ ጥንድ ተመልሷል» ተብሎ ተጽፏል። የፈረመው የፓምፑ ኃላፊ ነው። ሙት እጅ ላይ አፈር ውስጥ ያለ ጓንት መዝገብ ላይ ተመልሷል!

የጠላቂውን ፋይል ከጣቢያው መዝገብ ቤት አስወጣች። እናትየዋ ያኔ ያመለከቱት ማመልከቻ አለ። ከሥሩ አንድ መስመር ተጽፎበታል፦ «ግለሰቡ ሥራውን በፈቃዱ ጥሎ የሄደ መሆኑን መሥሪያ ቤቱ ስላረጋገጠ ፋይሉ ይዘጋ።» ጽሑፉን አወቀችው። የራሷ ነው። ፊርማውም የራሷ ነው። የሴትየዋን ፊት እንኳ አላስታወሰችም።

ወደ አግዳሚው ወንበር ወጣችና ከእናትየዋ ጎን ተቀመጠች።

«እማማ፣ የልጅዎ ቀኝ እጅ ላይ ምልክት ነበረው?»

እናትየዋ የራሳቸውን ትንሽ ጣት በሌላው እጃቸው ጨብጠው ያዙ። «የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ በር ዘጋሁበት። ሳላየው። ጠማማ ሆና ቀረች። እስኪያገባ ድረስ ‹እማዬ የሠራሽልኝ ጣት› እያለ ይቀልድብኝ ነበር።» የኢንስፔክተሯን ፊት አዩ። «አገኛችሁት?»

«አገኘነው። አልኮበለለም። ሥራው ላይ ነው የሞተው።»

እናትየዋ አልጮኹም። «አላልኳችሁም?» አሉ።

የፓምፑ ኃላፊ የተረጋጋ ሰው ነበር። ቡና ትጠጣ እንደሆነ ጠየቃት፣ ከዚያ አልበም ከመሳቢያ አወጣ።

«ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ዶልፊኖቹ ጋ ነበርኩ። መቶ ሰው አይቶኛል። ፎቶግራፉ ይኸው። በዚህ ነገር እጄ የለበትም።»

«መኖርዎትን አልካድኩም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበሩ። ሸራውንም ያመጡት እርስዎ ነዎት።»

«የገማ ዶልፊን ነበር።»

«ጓንት ያጠለቀ ዶልፊን?» ሠላሳ አንድ ቁጥሩን ጓንት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ከጎኑ የመዝገቡን ቅጂ። «ይሄ ተመለሰ ብለው ፈርመዋል። ትናንት ከጉድጓዱ ጥንዱን አወጣሁት፣ ከነግራ እጁ። እጄ የለበትም ያሉኝን እንደገና ይበሉት።»

አልበሙን ዘጋው። እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«ሊነጋጋ ሲል ነው የወረደው» አለ። «የባሕር ውኃ የሚስበው ቧንቧ አፉ ላይ ያለው የብረት ወንፊት በሣር ተደፍኖ ነበር። ሊያጸዳው ገባ። ፓምፑን አጥፍቻለሁ። ስልክ ተደወለ። ‹የዓሣ ማቀዝቀዣው እየሞቀ ነው፣ ክፈት› አሉኝ። ‹ሰው ውስጥ አለ› አልኳቸው። ‹አምስት ደቂቃ ሰጥቼሃለሁ› አሉ። ጠበቅኩ። አልወጣም። እንደገና ደወሉ። ምናልባት በሌላ በኩል ወጥቶ ይሆናል ብዬ...»

«ይሆናል ብለው።»

«ፓምፑ ስቦ ወንፊቱ ላይ አጣበቀው። ስጎትተው ትንፋሽ አልነበረውም። ደውዬ ነገርኳቸው። ‹ዳርቻው ላይ ጉድጓድ እየተቆፈረ አይደለም እንዴ?› አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። የኮበለለ ነው የሚለው ደብዳቤ በአምስተኛው ቀን በእሳቸው ፊርማ ወጣ።»

«እሳቸው ማን ናቸው?»

«ዳይሬክተሩ ናቸዋ! ለማዘዝ ሌላ ማን አለ?»

ቀራፂው ተፈታ፣ የፓምፑ ኃላፊ ታሰረ። ወደቡ በማግስቱ መግለጫ አወጣ። «የአንድ ሠራተኛ የግል ጥፋት» ይላል፤ «አመራሩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏችኋል ይሄ ነው። አዛዡም መግለጫውን አንብቦ ተነፈሰ።

«ስልኩ አልተቀዳም። የእሱ ቃል በእሳቸው ቃል ላይ ነው። ገዳይ አግኝተሻል፤ ይብቃሽ።»

«ፓምፑን የከፈተውን ነው ያገኘሁት፣ ጌታዬ። ያስከፈተውን አይደለም።»

«ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እናትየዋም ትልቅ ሰው ናቸው።»

ልጁ በስሙ ተቀበረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዳራሹ እንደገና ተከፈተ። ቀራፂው ሰባተኛውን ቦታ ባዶ ትቶታል። ጎኑ ያለው የጄሶ እጅ ብቻውን ቆሟል። ከሥሩ የጠላቂው ስም ተጽፏል። ወደቡ ኤግዚቢሽኑን መደገፉን አላቋረጠምና ዳይሬክተሩ ጥቁር ክራቫት አስረው ለንግግር ወጡ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ የወደብ ሠራተኞች፣ በሩ ጋ የቆሙ ጠላቂዎች፣ ጋዜጠኞች፣ ከነጥርስ ብሩሹ አጥንቴ። እናትየዋ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል።

«ባሕር ከኛ ጋር ዘመድ ነው» ብለው ጀመሩ ዳይሬክተሩ። «በዚህ አሳዛኝ አደጋ ወደቡ እንደማንኛውም ዜጋ ተደንግጧል፣ ሆኖም...»

ኢንስፔክተሯ ከኋላ ተነሥታ በሰው መሀል እየጣሰች ወጣች። አዛዡ ክንዷን ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰባትም። ማይክሮፎኑ አጠገብ ስትቆም ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ ልታመሰግን የመጣች መስሏቸዋል።

«ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት እኚህ እናት ወደ እኔ መጥተው ነበር» አለች። «የወደቡን ደብዳቤ አመንኩና ፋይሉን ዘጋሁት። አንድም ሰው ሳልጠይቅ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ፊርማውም የእኔ ነው። ጥፋቴ ነው እማማ። በቢሮዬ ሳይሆን እዚህ ልናገረው የፈለግኩት፣ ስድቡን የሰማው ሰው ሁሉ ይህንንም እንዲሰማ ነው።»

 ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመዱ። በሩ ጋ የቆሙት ጠላቂዎች ግን አልተንቀሳቀሱም።

እናትየዋ የልጅቷን እጅ ሳይለቁ ወደ ማይክሮፎኑ መጡ። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ኢንስፔክተሯ ዝቅ አደረገችላቸው።

«እኔ መማር አላገኘሁም» አሉ። «ግን እሷ ስትመልስ ሰማሁ፤ የሚመልስ ሰው እንዲህ ነው። አሁን ተራው የእርስዎ ነው ጌታዬ። ልጄን ኮብላይ ያሉት በሹክሹክታ አልነበረም፤ በጽሑፍ ነው፣ በማኅተም ነው፣ ለሠፈሩ ሁሉ ነው። ቤቴ መጥተው እንዲያባብሉኝ አልፈልግም። መግለጫም አልፈልግም። የፓምፑ ኃላፊ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ሰምቻለሁ። ሰው ውኃ ውስጥ እንዳለ እየተነገርዎት ፓምፑን ክፈት ብለዋል ወይስ አላሉም? የልጅ ልጄ ቆማለች፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ ነው፤ እዚሁ ይመልሱልን!»